ቅቤ የሚጠጣው ኩሽኔታ

ብረት ታቅፎ በሚሳፈር ሽማግሌ አጠገብ መቀመጥ ማንም አይወድም። ጋሽ አብዶ ይህን ስለሚያውቁ ከእንሴኖ ወደ ቡታጅራ በሚሄደው ሚኒባስ የኋላውን ጥግ ያዙ። በማዳበሪያ ከረጢት የጠቀለሉትን የወፍጮ ሻፍት፣ ድንጋዩን የሚያዞረውን የብረት ዘንግ፣ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሰማዩ ደፍርሷል። ከመንገዱ ዳር ሴቶች ያሰጡትን በርበሬ ዝናብ ሳይቀድማቸው ያፍሳሉ።

«አባባ፣ መድፍ ነው እንዴ የጫኑት?» አለ ረዳቱ።

«ንካውና ታየዋለህ» አሉት። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እርሳቸው አልሳቁም።

መኪናው ሊነሣ ሲል አንዲት ወጣት ሮጣ ገባች። ሻሿን ጥብቅ አድርጋ ያሰረች፣ የወንድ የሥራ ጫማ ያደረገች ናት። የቀረው ቦታ ከብረቱ አጠገብ ያለው ብቻ ነበር።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ አባባ።»

«ወዓለይኩም ሰላም። ተጠንቀቂ፣ ልብስሽን ያበላሻል።»

«ልብሴ ለምዶታል» አለችና የሻፍቱን ጫፍ ጉልበቷ ላይ ተቀበለች። ጥቂት እንደሄዱ አፍንጫዋን ነፋ አደረገች። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይኼ ብረት ቅቤ ቅቤ ይሸታል።»

«ብረቱ አይደለም። ቅቤው ኪሴ ውስጥ ነው፣ በኮባ ተጠቅልሎ።»

«ኪስዎ ውስጥ ያለው ለጋ ነው፣ አባባ። ይኼኛው የተቃጠለ ነው።»

ጋሽ አብዶ ፊታቸውን ከመስኮቱ መልሰው ልጅቱን አዩዋት። ጥፍሮቿ ሥር ታጥቦ የማይለቅ ጥቁር ነገር አለ። እህል እንደሚያስፈጩ ሴቶች ዱቄት አይደለም። ሳይናገሩ ከረጢቱን ገለጥ አደረጉላት። እርስዋም በአውራ ጣቷ ብረቱን እየዳሰሰች ቀስ ብላ ሄደች፤ አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«እዚህ ጋ ተቆርጦ ነበር። በብየዳ ነው የተቀጠለው። ይኼ ወደ ሰማያዊ የሄደው መልክ ደግሞ የራሱ ሙቀት ያመጣው ነው። ከመቆሙ በፊት ጮኋል። ጢስም ነበረው።»

«ማን ነገረሽ?»

«ብረቱ።»

«ጠንቋይ ነሽ?»

«አስተግፊሩላህ! ቶርኖ ነው የምሠራው። ወልቂጤ ተምሬ ነው፤ ፈትሂያ እባላለሁ።»

«ሴት ልጅ ብረት ትቆርጣለች?»

«ብረቱ ሴት ነሽ ወይ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፣ አባባ።»

ከፊት የተቀመጠ አንድ ገበሬ ዞሮ ሳቀ። ፈትሂያ ግን ጣቷን ከብየዳው ጠባሳ ላይ አላነሣችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። «ሲቆረጥ አጠገቡ ሰው ነበር?»

ጋሽ አብዶ ከረጢቱን መልሰው ሸፈኑት።

ሰው ቁስሉን የሚሸፍነው ከሌላ ሰው ዓይን ብቻ አይደለም። ከራሱም ዓይን ይሸፍነዋል። ጋሽ አብዶ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሸፍነው ኖረዋል። ልጃቸው ሙንታሲር ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። የገበያ ቀን ነበር፤ ወረፋው እስከ መንገዱ ወጥቷል። ወፍጮው ጮኸ፣ ጢስ ወጣ፣ ከዚያ ብረቱ ተቆረጠ። በሻፍቱ ጫፍ ያለው ከባድ ፑሌጃ፣ የሞተሩ ቺንጋ የሚዞርበት ክብ ብረት፣ ተፈናጥሮ ደረቱን መታው። ወደ ሆስፒታል ሲወስዱት ከመንገድ አላለፈም። የቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ «ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው» አለ። ጋሽ አብዶም «ቀደር ነው» አሉ፤ ብረቱን አስበይደው ወፍጮውን መልሰው አስነሡ። የቤት በላተኛ ሐዘን እስኪያልፍ አይጠብቅም።

ቡታጅራ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ወደ ናጃህ ብየዳ ቤት ሄዱ። ሲገቡ ያቺው የመኪናዋ ልጅ፣ በቅርቡ እዚያ የተቀጠረች ኖራ፣ ሽርጥ ታጥቃ ቶርኖው ፊት ቆማለች።

«ጋሽ አብዶ! ደግሞ ያንኑ ብረት ይዘው መጡ?» አለ ናጃህ። «ለሦስተኛ ጊዜ ነው። እንግዲህ ስም እናውጣለት።»

«ቀልዱን ተወው። ነገ ገበያ ነው። እስከ አሥር ሰዓት ይድረስልኝ፤ ተበልቶ የሳሳውን በብየዳ ሙላልኝ፣ ቶርኖ አስገባልኝ፣ እሄዳለሁ።»

«ፈትሂያ፣ ተቀበያቸውና በይጂው።»

ፈትሂያ ሻፍቱን ወደ ብርሃኑ አውጥታ በነዳጅ አጠበችው፤ በጨርቅ ወለወለችው። ከብየዳው ጎን እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር መስመር ብቅ አለች። «ይኸው ተሰንጥቋል» አለች። «አልበይደውም።»

ናጃህ ሳቀ። «አፏም እንደ ቶርኖዋ ስለት አለው። እርስዎ ያሳምኗት፣ እኔ ሰግጄ ልምጣ» ብሎ ወጣ።

ጋሽ አብዶ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። «እንቢ ማለትን ነው ወልቂጤ ያስተማሩሽ?»

«ይህን ብረት ብበይደው ሰው አስገድላለሁ፣ አባባ። አይቆጡ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሻፍቱ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ምን ይቀቡታል?»

«ቅቤ። በየጁምዓው ጠዋት።»

«ቅቤ ብቻ?»

«አባቴ የመጀመሪያውን ወፍጮ ሲያስነሣ ሽማግሌዎች መጥተው መረቁት፤ እንደ ሙሽራ ቅቤ ቀቡት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሳንቀባ ውለን አናውቅም። ሠላሳ ዓመት ፈጨ። እኔ ልጁ ነኝ።»

«ጥሩ ወፍጮ ነበር ማለት ነው።»

«ጥሩ ነበር። ያኔ ሰውም ጥሩ ነበር።»

ፈትሂያ ፈገግ አለች። «እንግዲህ ሁለት መዳፍዎን ያፋትጉልኝ።»

«ምን?»

«ያፋትጉ፣ ጠንከር አድርገው።»

ጋሽ አብዶ እየተቆጡ አፋተጉ።

«ምን ተሰማዎት?»

«ሞቀኝ። ልጆች ሳለን በብርድ እንዲህ ነበር የምንሞቀው።»

«ያ ሙቀት ከየት መጣ? ከጉልበትዎ ነው። ብረትም ብረት ላይ ሲፋተግ እንዲሁ ነው። ሞተሩ እህል ሊፈጭበት የሚገባውን ጉልበት ፍትጊያው ይበላውና ሙቀት ያደርገዋል። ብረቱ ሲሞቅ ያብጣል፤ ሲያብጥ መሐሉ ይጠባል፤ ሲጠብ ይብስ ይፋተጋል። መጨረሻ ኩሽኔታው ሻፍቱን አንቆ ይይዘዋል። ሞተሩ ግን መያዙን አያውቅም፤ መጎተቱን አይተውም። አንዱ ይዞ አንዱ ሲጎትት መሐል ያለው ይቆረጣል።»

«ያልሞቀ ብረት አልሠራም» አሉ ጋሽ አብዶ።

«እንዲህ የሚለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ የምለው። ወፍጮ ቤቴ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሰውም ብረትም ሲሠራ ይሞቃል።»

«ሰው ሲሞቅ ያርፋል፣ አባባ። ብረቱን ማን ያሳርፈዋል?»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ውጭ አዩ። ዝናቡ ጀምሯል። የናጃህ ቤት ቆርቆሮ ይንኳኳል።

ፈትሂያ ሻፍቱ ላይ ተጣብቆ የመጣውን ያረጀ ኩሽኔታ በመዶሻ ነቅላ አወጣችው። «ወፍጮ ቤትዎ ሲሚንቶ ላይ የፈሰሰ ሽምብራ ረግጠው ያውቃሉ?»

«ወድቄበታለሁ። ወገቤ እስከ ዛሬ አልረሳውም።»

«ለምን ወደቁ?»

«ተንከባለለብኛ!»

«ኩሽኔታ ማለት ይኸው ነው። ሽምብራ የሚያክሉ የብረት ፍሬዎች በሁለት ቀለበት መሐል ተደርድረዋል። ሻፍቱ በነሱ ላይ እየተንከባለለ ይዞራል፤ አይጎተትም። በርሜልን ከመጎተትና ከማንከባለል የቱ ይቀላል?»

«ይህማ የታወቀ ነው።»

«አሁን ያን ሽምብራ ጭኮ ውስጥ ይክተቱት።»

ጋሽ አብዶ ቀና አሉ።

«ወፍጮ ቤት ውስጥ ዱቄት ይበናል። ኩሽኔታው ቅቤ ጠጥቷል። ዱቄትና ቅቤ ሲገናኙ ምን ይሆናሉ?»

«ጭኮ» አሉ ቀስ ብለው።

«ጭኮ ውስጥ የገባ ሽምብራ ይንከባለላል?»

«አይንከባለልም። ይለጠፋል።»

«እርስዎ ደግሞ በርበሬም ይፈጫሉ።»

«እንሴኖ ሆኖ በርበሬ የማይፈጭ ወፍጮ አለ?»

ፈትሂያ ኩሽኔታውን በመፍቻ ጫፍ ፈለቀቀችው። ከውስጡ እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ ቅርፊት እየተሰበረ ወጣ። ቁራሹን መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። ጋሽ አብዶ አሸተቱት። የተቃጠለ ቅቤና ያረረ በርበሬ ነው። ይህን ሽታ ያውቁታል። ያን ቀን ልብሳቸው ላይ ነበር፤ ከቀብር ሲመለሱም ከልብሳቸው አልለቀቀም።

ፈትሂያ ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ቅቤ ለመነቻቸው። ከኮባው ላይ በጣቷ ጨልፋ አንድ ቁራጭ ላሜራ ላይ አኖረች፤ ከጎኑ ከቆርቆሮ ጣሳ ቡናማ ግራሶ፣ የማሽን ቅባት፣ አኖረች። ላሜራውን አሁን ከቶርኖ የወጣ ትኩስ ብረት ላይ አስደገፈችው። ቅቤው ወዲያው ቀለጠ፣ እንደ እንባ ወረደ፣ መሬት ላይ ጠብ ጠብ አለ። ግራሶው ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

«ቅቤ ገና ብረቱ ለብ ሲል ይሸሻል» አለች። «የቀረውም ውሎ አድሮ ይመርና ብረቱን ይበላዋል። ግራሶ ግን ለዚህ የተሠራ ነው። ሲሞቅም በፍሬውና በቀለበቱ መሐል እንደ ስስ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ብረት ከብረት ጋር አይነካካም።»

«እንግዲያው አባቴ ጅል ነበር?»

«አልነበሩም። የአባትዎ ወፍጮ ቀርፋፋ ነበር?»

«ቱፍ ቱፍ እያለች የምትሄድ ናት። ፍሬ ያለው ኩሽኔታም አልነበራት፤ በናስ ቀለበት ውስጥ ነበር የምትዞር።»

«ቀስ ብላ ስለምትዞር አትሞቅም። ናሱም ክፍት ስለሆነ ዱቄቱ ይረግፋል። ለእርስዋ ቅቤው ይበቃት ነበር። የእርስዎ ሞተር በአንድ ደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ ይዞራል። አባትዎ አልተሳሳቱም፣ አባባ። ወፍጮው ተለወጠ፤ እርስዎ ግን ቅባቱን አልለወጡም።»

ይህ ቃል ሽማግሌውን ከሌላው ሁሉ የበለጠ አገኛቸው። አባቱ የተሰደበበት ሰው እውነት ቢነግሩትም አይሰማም። አባቱን ያከበሩለት ሰው ግን ጆሮውን የሚደፍንበት ምክንያት ያጣል። ጋሽ አብዶ ያን ጥቁር ቅርፊት በመዳፋቸው አጥብቀው ጨበጡት።

«ልጄ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «መኪና ውስጥ ሳለን ‹ሲቆረጥ አጠገቡ ሰው ነበር ወይ› አልሽኝ። ልጄ ሙንታሲር ነበር።»

ፈትሂያ የያዘችውን መፍቻ አስቀመጠች። «አላህ ይርሐመው።»

«ሰው ሁሉ ቀደር ነው አለኝ። አንቺ ዛሬ መጥተሽ ቅቤው ነው ትይኛለሽ። ቅቤውን ያስቀባሁት እኔ ነኝ። እንግዲያው ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ ማለትሽ ነው?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ልጅቱ አይደለም ብትል የተናገረችው ሁሉ ውሸት ይሆናል፤ አዎ ማለትም አፏ አልቻለም።

«የሞት ቀኑን አላህ ያውቃል» አለች። «እኔ የማውቀው ብረቱን ነው። ትናንትን ላበጅልዎ አልችልም፣ አባባ። ግን ይህን ስንጥቅ በይጄ ብሰጥዎ፣ ነገ ከፑሌጃው ፊት የሚቆመው ማን ነው?»

«ሰልሚያ» አሉ።

«ሰልሚያ ማን ናት?»

«የልጄ ሚስት ናት። እርሱ ከሞተ ወዲህ የምትፈጨው እርስዋ ናት። እርሱ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ነው የምትቆመው።» ሁለት ዓመት ሙሉ በየጁምዓው ጠዋት ቅቤውን በኮባ ለዚያች ሴት እየሰጡ «ቅቢው» ሲሉ እንደኖሩ ትዝ አላቸው።

ናጃህ ከሶላት ተመለሰ። «እህ፣ ማን አሸነፈ?» አለ እየሳቀ።

«አዲስ ሻፍት ትሥራልኝ» አሉ ጋሽ አብዶ። «ገበያው ያምልጠኝ።»

በሦስተኛው ቀን ፈትሂያ ሻፍቱን ይዛ እንሴኖ መጣች። ወፍጮ ቤቱ ባዶ ነበር፤ ደንበኞች እህላቸውን ወደ ሌላ ወፍጮ ወስደዋል። ሰልሚያ በሩ ላይ ቆማ ተቀበለቻት። ቀጭን፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ካልጠየቋት የማትናገር ሴት ናት።

ፈትሂያ ሥራውን ለእርስዋ እያሳየች ሠራች። «ግራሶው ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን የብረት ቤት ሢሶ ያህል ብቻ ይሙላ። ከበዛም ይሞቃል፤ ሆዱ የሞላ ሰው መሮጥ እንደማይችል ነው። ይኼ የጎማ ክዳን ዱቄት እንዳይገባ ነው፤ ከተቀደደ አስለውጪው። ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ቺንጋ ከመጠን በላይ ሲወጠር ሻፍቱን ወደ ጎን ይጎትተዋል፤ በአውራ ጣትሽ ስትጫኚው ትንሽ እሺ ይበልሽ። ይህ ፑሌጃ ደግሞ እንዲህ ራቁቱን አይዙርም፤ የብረት ከለላ አድርጌለታለሁ። በየጠዋቱና በየሰዓቱ መዳፍሽን እዚህ የማይዞረው ቤቱ ላይ አድርጊ። እስከ አሥር ቆጥረሽ መታገሥ ካቃተሽ፣ ወረፋው እስከ ቡታጅራ ቢደርስም አጥፊው።»

«ያልሞቀ ብረት አልሠራም ይባላል» አለች ሰልሚያ፣ ወደ አማቷ ሳታይ።

ፈትሂያ ብሎኑን ማጥበቋን ቀጠለች። ይህን መመለስ የእርስዋ ድርሻ አልነበረም።

«ሐሰት ነው» አሉ ጋሽ አብዶ። በበሩ መቃን ተደግፈው ቆመዋል። «ሰልሚያ፣ ልጄ፣ ስሚኝ። የሞቀ ብረት ታሟል ማለት ነው። እኔ አላወቅኩም። ቅቤው ነው ያሳመመው። ያን ቀንም ቅቤው ነው። እኔ ነኝ ያስቀባሁት።»

ሰልሚያ መሬት መሬት ታይ ነበር። አላለቀሰችም። «ያን ቀን ሸቶን ነበር» አለች። «አጥፋው አልኩት። ‹አባባ ሲሞቅ ነው የሚሠራው ብሎኛል፤ ወረፋውን ትቼ ባጠፋው ይቆጣኛል› አለኝ። ሳቅ ብሎ ነው ያለኝ።»

ፈትሂያ መፍቻዎቿን ለቃቀመች። ጋሽ አብዶ በሩ ላይ ቁጭ አሉ፤ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ሰልሚያ አጠገባቸው ሄዳ ቆመች እንጂ አልነካቻቸውም። ብትነካቸው ምናልባት ይቀልላቸው ነበር። ግን ሁለት ዓመት የተሸከመችውን በአንድ ቀን ማውረድ ከእርስዋ አይጠበቅም።

ወፍጮው ከዚያ ወዲህ ሁለት በርበሬ አዝመራ አሳልፏል። ኩሽኔታው አልተለወጠም፤ ድሮ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይለወጥ ነበር። ሞተሩ አያቃስትም፤ ያው ሞተር በአንድ ቀን ቀድሞ ከሚፈጨው በላይ ይፈጫል። ዱቄቱ የተቃጠለ ነገር አይሸትም። ሴቶቹ ሳይጯጯሁ ያወራሉ። ከቡኢ መንገድ ሁለት ባለወፍጮዎች መጥተው አይተዋል፤ አንዱ ሰምቶ ሄደ፣ ሌላው «እኛ ቤት ቅቤ ምን አደረገን» ብሎ ሄደ። ጋሽ አብዶ ሁለተኛውን እስከ መንገዱ ተከትለው ወጡ። ያን ጥቁር ቅርፊት በጨርቅ ቋጥረው ኪሳቸው ውስጥ ያኖሩታል፤ አውጥተው መዳፉ ላይ አደረጉለት። «አሽትተው» አሉት። «እኔ ይህን ለማወቅ ልጅ ከፍዬበታለሁ። አንተ በነፃ ውሰደው።» በሳምንቱ ሰውዬው ናጃህ ቤት ታይቷል።

ልማድን ማክበር መልካም ነው። ጋሽ አብዶም ምርቃቱን አልተዉም፤ በየጁምዓው ጠዋት ጥቂት ቅቤ የበሩን መቃን ይቀባሉ። ዕውቀት ከልማድ የምትለምነው ቦታዋን ብቻ ነው፤ መቃኑ ለቅቤው፣ ኩሽኔታው ለግራሶው። ይህን ሳይለዩ መኖር ግን ያስከፍላል፤ የሚከፍለውም ብዙ ጊዜ ያጠፋው ሰው አይደለም።

አሁን ወፍጮው ዝም ብሎ ስለሚዞር ድሮ በጩኸቱ ይሸፈን የነበረው ሁሉ ይሰማል። ሰልሚያ እህል ስትጨምር የምትተነፍሰው ይሰማል። የሙንታሲር አለመኖርም እንደዚሁ። ጋሽ አብዶ በየጠዋቱ ከሰው በፊት ገብተው ወፍጮውን ያስነሣሉ፤ ጥቂት ከዞረ በኋላ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን የኩሽኔታው ቤት ላይ ያደርጋሉ። እስከ አሥር ይቆጥራሉ። አሥር ሲደርስም እጃቸውን አያነሡም።

ብረቱ ቀዝቃዛ ነው።